ከክፍያው በር እስከ ልደታ

ያን ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ ነበርኩ። ምድቤ ልደታ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ነው። ቤቴም ቅርብ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ደንብ ልብሴን ለብሼ በእግሬ እወርዳለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል። የታክሲ ረዳቶች ከሩቅ ሲያዩኝ በር ላይ የተንጠለጠለውን ሰው ወደ ውስጥ ይጎትታሉ። አስፋልት ዳር ሸቀጥ የዘረጉት ጠቅልለው ያነሳሉ፣ ዞር ስል መልሰው ይዘረጋሉ። አይቶ እንዳላየ ማለፍም ከሥራው አንዱ ነው።

ከበሬ ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤቴ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከወሎ መጥተው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ከከፈቱ ዘመን አልፏል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ነው የሚያሳልፉኝ። በረመዳን ሳምቡሳ ይልኩልኛል፣ እኔም በበዓል ቀን ድፎ ቆርሼ እልካለሁ። ሰሃኑን ይዛ የምትመላለሰው የመጨረሻ ልጃቸው ነበረች። ሜክሲኮ አካባቢ ኮሌጅ ትማራለች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ፣ «እትዬ ትራፊክ፣ ዛሬ ስንት ሰው ቀጡ?» ትለኝና መልሴን ሳትሰማ እየሳቀች ትሄዳለች።

የዚያን ዕለት አባትና ልጅ አብረው ነበር የወረዱት። ረፋድ ላይ ነው። እሷ ከመንገዱ በዚህ በኩል የሜክሲኮን ሰልፍ ያዘች፣ አባትየው ተሻግረው የተክለ ሃይማኖትን ታክሲ ይጠብቁ ጀመር። ሰልፉ ረጅም ነበር። እጇን አነሳችልኝ፣ እኔም በጭንቅላቴ ሰላም አልኳት።

ከላይ በኩል የጥሩምባ ድምፅ መጣ። የማያቋርጥ ነው፣ ሰው ክንዱን አስደግፎ እንደተኛበት ዓይነት። ዞር ስል አንድ ሲኖትራክ መኪኖቹን በግራም በቀኝም እየገፋ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ከባድ መኪና መሃል ከተማ መግባት ክልክል ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የታየኝ ቅጣቱ ነው። ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ እጄን ዘርግቼ ወደ መሃል ገባሁ።

ሲቀርብ የፊት መስታወት እንደሌለው አየሁ። ከመሪው በላይ ያለው ፊት ቀይ ነበር። ቀይ ጨርቅ የጠመጠመ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ደም ነው። ያ ፊት አየኝ። እርግጠኛ ነኝ፣ አየኝ። መኪናው ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ። ከዚያ የሹፌሩ ራስ መሪው ላይ ወደቀና መኪናው ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይነዳው፣ ከእኔ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ። የእግረኛውን መንገድ ወጣ። ሰልፉ ውስጥ ገባ።

ጩኸቱን አላስታውስም። የማስታውሰው የብረቱን ድምፅና አንድ የሴት ጫማ ወደ ላይ ሲወረወር ነው። መኪናው የሞባይል ካርድ የሚሸጥበትን ቆርቆሮ ቤት ጨፍልቆ ከመብራት ምሰሶው ጋር ተላትሞ ቆመ። ሰልፉ የነበረበት ቦታ ላይ ሰልፍ አልነበረም። አንድ ሰውዬ ቁጭ ብሎ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ያየዋል፣ እግሩ በተሳሳተ አቅጣጫ ተጣጥፏል። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ሕፃኑ ሲያለቅስ እሷ አታለቅስም፣ ከጆሮዋ ደም ይፈሳል። የጎረቤቴን ልጅ ያገኘኋት ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ነው። ከወገቧ በታች የሚታይ ነገር አልነበረም። ተንበርክኬ ስሟን ጠራሁ። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፣ እኔን ግን አላየኝም።

ሬዲዮዬን አውጥቼ አምቡላንስ እየጠራሁ ሳለ የመኪናው በር ሲገነጠል ሰማሁ።

ሹፌሩን በፀጉሩ ጎትተው አወረዱት። ሰውነቱ እንደ ጆንያ ነው የወደቀው። «ነፍሰ ገዳይ!» «ሰክሮ ነው!» «እንዳታመልጡት!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል። በጫማ ረገጡት። የመጀመሪያው ድንጋይ ደረቱ ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ጭንቅላቱ ላይ። ሰው ራስ ላይ ድንጋይ ሲያርፍ ደረቅ ድምፅ አለው፣ እንጨት እንደመምታት ነው። ቀበቶዬ ላይ ዱላ እንጂ ሽጉጥ የለኝም። ዱላዬን መዝዤ ሁለት ሰው መታሁ፣ ሦስተኛው ነጠቀኝ። ከዚያ ሌላ የማደርገው ስላልነበረ ሹፌሩ ላይ ተኛሁበት።

ጀግንነት ነው ያሉኝ ነበሩ። አልነበረም። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው አይመቱም ብዬ ነው።

«ተነሺ! አንቺ፣ ተነሺ!»

«አልነሳም! ሞቷል፣ ተዉት!»

አልሞተም ነበር። ከሥሬ ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ሞቀኝ። ደሙ ሸሚዜን አልፎ ቆዳዬ ላይ ደረሰ። ጀርባዬን ረገጡኝ። አንዱ እግሬን ይዞ ይጎትተኛል። ቀና ስል ጎረቤቴን አየኋቸው። ከሸቀጥ ነጋዴዎቹ የአንዱን የጃንጥላ ብረት ነቅለው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፊታቸው የማውቀው ፊት አልነበረም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ!» አልኳቸው።

«ዞር በይ!»

«ጋሼ፣ በአላህ!»

ብረቱ ወረደ። የሹፌሩን ራስ ነበር የፈለጉት። ያገኘው ግን የግራ ትከሻዬን ነው። አጥንቱ ሲሰበር ከሕመሙ በፊት ድምፁን ሰማሁት። ደግመው አነሱ፣ ደግመው መቱ፣ ሁለተኛው ምት ክንዴ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ሲያነሱ ተኩስ ተሰማ። ባልደረቦቼ ፖሊሶች ደርሰው ወደ ሰማይ እየተኮሱ ነበር። ሕዝቡ ተበተነ። ጎረቤቴ ግን አልሸሹም። ብረቱን ጣሉና ወደ ጎማው ሄደው ከልጃቸው አጠገብ አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ።

ከሰልፉ ሦስት ሰው ሞተ፣ አንዷ እሷ ናት። በዚያው ቀን ቀበሯት። እኔ ሆስፒታል ስለነበርኩ አልደረስኩም። ሲለቁኝ ክንዴ በፋሻ እንደታሰረ በራቸውን አንኳኳሁ። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናትየው ክንዴን አየች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሰበሩት ባሏ መሆናቸውን ታውቃለች። ልጇን የገደለውን ሰው ያዳንኩት እኔ መሆኔንም ታውቃለች። «አላህ ያጽናችሁ» ብዬ ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ።

ሆስፒታል ሳለሁ ሹፌሩ እኔ ከተኛሁበት ክፍል ጥቂት በሮች ራቅ ብሎ፣ በፖሊስ እየተጠበቀ ተኝቶ ነበር። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ መንጋጋው ታስሯል። ልየው ብዬ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፣ አሁንም በደንብ አላውቅም። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ጥርሱን ሳይከፍት ነው የሚናገረው።

«ጠጥተህ ነበር?» አልኩት።

«ጠጥቼ አላውቅም።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ከከተማ ውጭ፣ ወደ ፈጣኑ የክፍያ መንገድ ከመግባቱ በፊት ባለች አንዲት ገጠር ከተማ፣ ጋሪ ድንገት ገባበት። ፈረሱን ገደለው፣ ባለጋሪውን አቆሰለው። ሊያነሳው ሲወርድ ሰው ወጣ። በድንጋይ መስታወቱን አረገፉት። አንዱ በገጀራ በመስኮት በኩል ግንባሩን ቆረጠው። እንደምንም አስነስቶ አመለጠ። ሞተር ብስክሌት ይዘው ተከተሉት። ከተማው መግቢያ ላይ ባለው የክፍያ በር ቢቆም የሚደርሱበት መሰለው፣ ማገጃውን ሰብሮ አለፈ።

«ከበሩ ካለፍክ በኋላ ለምን አልቆምክም?»

«ፖሊስ ፍለጋ ነው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ በአንድ እጄ እየጠረግኩ ነበር የምነዳው። ማንም የለም፣ ማንም አላስቆመኝም። ከዚያ አንቺን አየሁሽ፣ እህቴ። ነጭ ቆብሽን አየሁ። ተመስገን፣ ደረስኩ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

ግድግዳውን ይዤ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ።

ከጊዜ በኋላ ጎረቤቴ በሽማግሌ መጡ። ሦስት የሰፈር አዛውንት አስከትለው፣ ጫማቸውን በሬ ላይ አውልቀው ገቡ። ሽማግሌዎቹ የይቅርታውን ነገር ሲያነሱ እሳቸው አቋረጧቸው።

«ይቅርታውን እጠይቃታለሁ፣ ግን ሌላ ነገር አለኝ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ሰው በሩን ሰብሮ ነው የገባው ይባላል። እዚያ ያሉት አላዩትም?»

«አይተውታል» አልኩ። ይህን በምርመራው ሰምቼው ነበር።

«ካዩት ለምን አልነገሯችሁም?»

በሽማግሌዎቹ ፊት ይቅርታ አደረግኩላቸው። ፍርድ ቤት ግን የመታሽ ማነው ስባል እሳቸውን አሳየሁ። ይቅር ማለት ሌላ፣ በእውነት መመስከር ሌላ ነው። እሳቸውም ቆመው፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ፣ ምንም አልጨመሩም። በገደብ ለቀቋቸው። ሹፌሩ ተፈረደበት፣ መጎዳቱ ቅጣቱን አቅልሎለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎረቤቴ ሚስት ደረጃ ላይ ሰላም አትለኝም።

ትከሻዬ መንገድ ላይ እንድቆም አልፈቀደልኝም። ክንዴን ከደረቴ በላይ ማንሳት አልችልም፣ እጁን ማንሳት የማይችል ትራፊክ ደግሞ ምን ይሠራል? ወደ ቢሮ አዛወሩኝ። ያን ጊዜ የከተማው የትራፊክ ቁጥጥርና የክፍያ መንገዱ ቁጥጥር ይገናኙ የሚል ሥራ ተጀምሮ ነበር። እነሱ የራሳቸው ካሜራ፣ የራሳቸው ሬዲዮ፣ የራሳቸው ክፍል አላቸው፣ እኛም እንደዚያው። የእነሱ ካሜራ በሩ ላይ ያበቃል። የእኛ የሚጀምረው ከተማው ውስጥ ብዙ ከገባ በኋላ ነው። በመሃል ያለውን ማንም አያየውም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መሐንዲሶቹ ምስሉ የማን ንብረት እንደሆነና መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ይግባቡ እንደሆነ ሲከራከሩ ዋሉ። ከወዲያኛው ወገን ፀጉሩ የሸበተ አንድ የቁጥጥር ክፍል ሠራተኛ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣ።

«ያን ዕለት ተረኛ እኔ ነበርኩ» አለኝ።

ሻይ ይዤ ነበር። ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ሰው ሁሉ ዞረ።

«አየኸው! በደም ታጥቦ አየኸውና ዝም አልክ! ከጎማ ሥር የወጣችውን ልጅ አላየሃትም! እኔ አይቻታለሁ!»

አላፈገፈገም። ሻዩ ሸሚዙ ላይ ተረጭቷል። «ደወልኩ» አለ። «በተለመደው የከተማ ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ፣ ‹አሁን የት ደርሷል?› አለችኝ። ከበሩ ካለፈ በኋላ አይታየኝም አልኳት። ‹ታዲያ የት ብዬ ለማን ልንገር?› አለችኝ። እውነቷን ነው። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ማታ በዜና ሰማሁት።» የሸሚዙን ሻይ በመዳፉ ጠረገ። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» አለ።

የብርጭቆውን ስባሪ ሁለታችን ለቀምን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ክርክሩ ሲረዝም አንዳችን ያንን ቀን እናነሳለን፣ መሐንዲሶቹም ወደ ሥራው ይመለሳሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው አለቀ። በመሃል ባለው መንገድ ላይ ካሜራ ተተከለ። የእነሱ ምስል እኛ ክፍል፣ የእኛ ደግሞ እነሱ ክፍል መታየት ጀመረ። በሁለቱ መሃል ለሌላ ጥሪ የማይያዝ ቀጥታ የስልክ መስመር ተዘረጋ። የመስቀለኛ መብራቶቹንም ከወንበራችን ሆነን መዝጋትና መክፈት ቻልን።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት መስመሩ ጮኸ። ሸበቶው ነው።

«ሲሚንቶ የጫነ። ፍሬን በጥሷል። ሹፌሩ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ነው። በሩን ከፍተን አሳለፍነው፣ ወደ እናንተ ነው።»

«አየሁት» አልኩ። በእርግጥም አየሁት። ከአንዱ ስክሪን ወጥቶ ሌላው ላይ ገባ፣ አልጠፋም። መብራቶቹን ተራ በተራ ቀይ አደረግኩ፣ ጎን መንገዶቹን ዘጋሁ። ባለሞተር ፖሊስ ከፊቱ ሳይረን እያሰማ ይሮጣል። ሹፌሩ ከአካፋዩ ጋር እያሻሸ ሊያቆመው ይሞክራል፣ ብልጭታው በስክሪኑ ይታያል። አይቆምም።

ልደታ ላይ ያለውን ወጣት ትራፊክ በሬዲዮ አገኘሁት። «ሰልፉን አንሳ! ሰዉን ከዚያ አንሳ!»

ልጁ ወደ ሰልፉ ሮጠ። ሰዉ ግን ወረፋውን መልቀቅ አልፈለገም። ያን ያህል ቆሞ የጠበቀ ሰው በፊሽካ አይነቃነቅም። ያኔ ዱላውን መዘዘ። በስክሪኑ ላይ አየዋለሁ፣ ድምፅ የለውም። ትከሻ ይመታል፣ እግር ይመታል፣ ይገፋል። አንድ ጎልማሳ በቡጢ አፉን መታው። ልጁ ደሙን ተፋና ጎልማሳውን ገፍትሮ ጣለው። አንዲት አሮጊት ተደናቅፈው በእጃቸው ላይ ወደቁ፣ በልብሳቸው ጎትቶ ከግድግዳው ሥር አደረሳቸው። ሕዝቡ ድንጋይ ማንሳት ጀምሮ ነበር።

መኪናው ሲመጣ ሁሉም ያነሳውን እንደያዘ ቆመ። ባዶው ቦታ ላይ አለፈና የድልድዩን የኮንክሪት አካፋይ ገጨው፣ በጎኑ ተገለበጠ። የሲሚንቶው ከረጢት ፈንድቶ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ምንም አይታይም። አቧራው ሲረግብ ጋቢናው ተጨፍልቆ አንድ ክንድ በመስኮት ወጥቶ አየሁ። ክንዱ ነጭ ነው፣ ጣቶቹ ጥቂት ተንቀሳቀሱ። ድንጋይ የያዙት ሰዎች ሮጡ። ሊወግሩት ነው ብዬ ጮህኩ፣ ማንም አይሰማኝም። እነሱ ግን ድንጋዩን ጥለው ብረቱን በእጃቸው ይገነጥሉ ጀመር። አፉ የደማው ትራፊክና በቡጢ የመታው ጎልማሳ አንዱን በር ለሁለት ይዘው ሲስቡ አየሁ። ሹፌሩን ሲያወጡት አብቅቶለት ነበር።

«ቆመ?» አለ ሸበቶው በመስመሩ።

«ቆመ።»

«ሰውስ?»

«ሹፌሩ ብቻ።»

«ሲያልፍ ዓይኑን አይቼዋለሁ» አለኝ። መስመሩን አልዘጋውም፣ እኔም አልዘጋሁትም። ትንፋሹን እየሰማሁ ተቀመጥኩ።

ትራፊኩ በድብደባ ተከሰሰ። የወደቁት አሮጊት አንጓቸው ተሰብሮ ነበር። ለልጁ ልመሰክር ሄጄ ከእሳቸው ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ መኪናው በቆሙበት ቦታ ላይ እንዳለፈም ጭምር። በጥሞና ሰሙኝ።

«ሕይወቴን እንዳተረፈው አውቃለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «ክሱንም አንስቻለሁ። ግን ልጄ፣ እናንተ ያንን ሁሉ ከሩቅ ታያላችሁ። ሰው ከመደብደብ በፊት ‹መኪና መጣባችሁ› የሚል አንድ አፍ አጣችሁ?»

ይህን ለአለቃዬ ነገርኩት፣ ለሸበቶውም ነገርኩት። ብዙ ተሟገትን። በመጨረሻ በዋና ዋና መገናኛዎቹ ላይ የድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ማስጠንቀቂያውን የምናገረው እኔ ነኝ፣ ተረኛ ሳልሆን የሚሰማውም የተቀዳው የእኔ ድምፅ ነው።

በቅርቡ ጎረቤቴን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ብርቱ የነበሩት ሰው አሁን በከዘራ ነው የሚወጡት። እንደ ልማዳቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ሊያሳልፉኝ ቆሙ። እኔም አሳልፋቸው ብዬ ቆምኩ።

«ትናንት ታክሲ ስጠብቅ ድምፅሽን ሰማሁት» አሉኝ።

«ፍሬኑ ያስቸገረው ቦቴ ነው፣ ጋሼ። ቀድሞ ቆመ፣ እናንተ ጋ አልደረሰም።»

«ማንም ምን መጣ ብሎ አልጠየቀም። ሰልፉ በሙሉ ሸሸ።» ከዘራቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። «እኔም ሸሸሁ» አሉና ቀስ ብለው ወደ ላይ መውጣታቸውን ቀጠሉ።